በዐሥራ አንድ ቀኗ የተጠመቀችው

መዝገብ ላይ ባዶ ቦታ ሳይ አያስችለኝም። ይህን ጠባይ ሥራዬ ያመጣብኝ ይሁን ጠባዬ ሥራውን የመረጠልኝ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሲያትል ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የሕሙማን መዝገብ ክፍል ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ስምና የልደት ቀን ካልተገጣጠመልኝ ምሳዬ አይዋጥልኝም። ባልደረቦቼ ያሾፉብኛል፤ የጠፋ ፋይል ሲፈለግ ግን የሚያንኳኩት የእኔን በር ነው።

ስለዚህ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ በጋ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ «የጥምቀት መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባልን ሰው እንፈልጋለን» ሲል አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ለወጉ አንገቴን ደፋሁ እንጂ ልቤ ጮቤ ረግጧል። እዚሁ የተወለዱት ልጆቻችን አድገው ለጋብቻ ደርሰዋል፤ በተክሊል ለመጋባት ደግሞ መቼና በማን እጅ እንደተጠመቁ፣ የክርስትና አባታቸው ወይም እናታቸው ማን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። በየሳምንቱ አንዱ ወይም አንዷ ይመጣሉ፤ ቄሱም ከቁም ሣጥን ውስጥ የተቦጫጨቀ ደብተር አውጥተው መነጽራቸውን እየጠረጉ ይፈልጋሉ።

መዝገብ የምለውም ለክብሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተማሪ ደብተሮች ነበሩ፣ የማባዣ ሠንጠረዥ ከጀርባቸው ያለባቸው። የራሳችን ሕንፃ ሳይኖረን፣ የሌላ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እየተዋስን በምንቀድስበት ዘመን የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊው ታክሲ እየነዳ የሚያገለግል ዲያቆን ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ጽሕፈቱ እንደ ተነፋ ጤፍ የጠራ ነው። አንድ ጥፋት ብቻ አገኘሁበት፤ በየዳሩ ማስታወሻ ይጽፋል። እኔ ደግሞ በኮምፒውተሩ ላይ በሠራሁት ቅጽ ለዳር ማስታወሻ ቦታ አላወጣሁም። ስም፣ የክርስትና ስም፣ አባት፣ እናት፣ የክርስትና እናት ወይም አባት፣ ቀን፣ ያጠመቀው ካህን። አለቀ። የቀረውን ወሬ ብዬ ተውኩት።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደምትነሣ ከእኛ መሀል የማያውቅ የለም። ታዲያ ስገለብጥ አንዳንዱ መስመር አልገጥም አለኝ። አንድ ወንድ በሦስት ቀኑ፣ አንዲት ሴት በዐሥራ አንድ ቀኗ ተጠምቀዋል ይላል። ሳቅኩ። ዲያቆኑ ከኤርፖርት ከተማ ሲመላለስ ውሎ ደክሞት ነው አልኩ። ያቺ የዐሥራ አንድ ቀኗ ልጅ ደግሞ ሁለት ገጽ አልፎ እንደገና ተመዝግባለች። ያው ስም፣ ያው አባትና እናት፣ ሰማንያ ቀኗ ላይ፣ የክርስትና እናቷ ግን ሌላ ሴት። ኮምፒውተሩም ሁለት ጊዜ የገባ ስም ነው ብሎ ቀይ አበራብኝ። እኔ ምኔ ሞኝ ነው፤ ሕጉን አውቃለሁ። ሴት በሰማንያ ቀኗ ነውና ሁለተኛውን ትቼ የመጀመሪያውን ሰረዝኩ። ደስ አለኝ እንጂ ምንም አልመሰለኝም።

ሥራው ሲያልቅ ዳሩ የወርቅ ቀለም ያለው የምስክር ወረቀት አተምኩ፤ ቄሱ ፈርመው ማኅተም አደረጉበት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለየቤተሰቡ ታደለ፤ ተጨበጨበልኝም። የዚያች ልጅ የክርስትና እናት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቋቋም ጀምሮ የማውቃት ወዳጄ፣ ስሟ በወረቀቱ ላይ ታትሞ ስታይ አገላብጣ ሳመችኝ። ወንዶች ልጆች ብቻ ነው የወለደችው፤ ያቺን የክርስትና ልጇን «ሴት ልጄ» እያለች ነበር ያሳደገቻት።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ልጅቷ ራሷ ክሊኒክ ድረስ መጣችብኝ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፋርማሲ ትማራለች፣ ከትምህርት መልስ ቱክዊላ ያለው የገበያ አዳራሽ ውስጥ ትሠራለች። በምሳ ሰዓቴ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠብቃ አገኘችኝ።

«አንቲ፣ ጥያቄ ነበረኝ» አለች።

«ጠይቂኝ።»

«የክርስትና እናት ቼንጅ ማድረግ ይቻላል?»

«ጫማ ነው እንዴ?» አልኳት።

እሷ ግን አልሳቀችም። ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬቱን ታያለች። ከዚያ እንግሊዝኛና አማርኛ እያቀላቀለች አወጣችው። «ሶ፣ የእሷ ልጅ አለ አይደል፣ ትልቁ፣ ኦበርን ዌርሃውስ ውስጥ ሱፐርቫይዘር የሆነው። ኦኬ፣ እኔና እሱ እንዋደዳለን። ፎር ሪል ነው አንቲ። ለመጋባት ፕላን አድርገናል። ግን እሷ የክርስትና እናቴ ናት፣ እሱ ደግሞ…»

«ወንድምሽ ነው» ብዬ ጨረስኩላት።

ነገሩ እንደዚህ ነው። በእኛ ሥርዓት የክርስትና እናት ከውኃው የተቀበለቻትን ልጅ እንደ ማኅፀኗ ልጅ ነው የምትቆጥራት። የእሷ ልጆችና ያቺ ልጅ ወንድምና እኅት ናቸው፤ ጋብቻ የለም። ሁለቱ ቤተሰቦችም አበልጅ ይሆናሉ፣ ሥጋ ዘመድ እንደማለት ነው። የሁለቱ ልጆች ፎቶ ከጨቅላነታቸው ጀምሮ በእኔም አልበም ውስጥ አለ፤ በየልደቱ ተቃቅፈው ኬክ ይቆርሳሉ። «ወንድምሽን ሳሚ» እየተባለች ያደገች ልጅ ናት። እንባዋ ወረደ። «ልጄ፣ ይህ አይሆንም፤ አምላክም ሰውም አይፈቅድልሽ» አልኳት። እኔ አፌ እንጂ አንጀቴ ጨካኝ አይደለም፤ አቅፌያት ቆምኩ።

ልትሄድ ስትል እንዲሁ ለማጽናናት ያህል ስለ ልጅነቷ አነሣሁላት። አባቷን አውቀው ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው ያረፈው። እሑድ ከቅዳሴ ቀርቶ የማያውቅ ሰው። «አባትሽ ክርስትናሽ ዕለት ሲጨፍር ትዝ ይለኛል» አልኳት።

«ማሚ ሁልጊዜ ሚራክል ነሽ ትለኛለች» አለች። «ያለጊዜዬ ስለተወለድኩ ሁለት ወር ኢንኩቤተር ውስጥ ነበርኩ። ዶክተሮቹ አትኖርም ብለው ነበር። ማሚ ደግሞ ኦፕሬሽን ላይ ነበረች። ዳዲ ብቻውን ነበር።»

ስትሄድ ሳንድዊቼን እንደያዝኩ ቀረሁ። እንደዚያ ያለ አባት፣ ልጁ በሞትና በሕይወት መካከል ተኝታ፣ ሰማንያ ቀኗ ይሙላ ብሎ ሳያስጠምቅ ይጠብቃል? ሕጉ እኮ ሌላም ጎን አለው። አርባና ሰማንያ ለጤነኛ ነው። ነፍሱ ለምታሰጋ ሕፃን ካህን ያኔውኑ ይጠራል፤ በተወለደ በማግሥቱም ቢሆን ይጠመቃል። ይህንንም ከእኛ መሀል የማያውቅ የለም። እኔም አውቀዋለሁ። አውቄ ነው የረሳሁት።

የዚያን ዕለት ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነዳሁ። ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ደብተሩን አወጣሁ። የሰረዝኩት መስመር ዳር ላይ፣ በዚያ በጠራ ጽሕፈት፣ «በሆስፒታል፣ በጭንቅ» ይላል። ሁለት ገጽ አልፎ ያለው መስመር ዳር ደግሞ «ጸሎትና ቁርባን ብቻ» ይላል። ዲያቆኑ አልደከመውም ነበር። እኔ ነኝ ዐይኔን የጨፈንኩት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔን ነው።

ከዚያማ መሬት ላይ ተቀምጬ ደብተሮቹን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ወሬ ብዬ የተውኩት ማስታወሻ ሁሉ የየቤቱ ጭንቅ ነበር። «በቤት» የሚል አለ፤ አልጋ ላይ ማለት ነው። የክርስትና አባት ሳይጻፍለት ያለፈ ሕፃን አለ፤ ጊዜ አልነበረም ማለት ነው። ዳሩ ላይ ትንሽ መስቀል ብቻ ያለበት አለ። እሱን አልተረጉምም። ሁለት መስመር ሁልጊዜ ሁለት ልጅ ማለት እንዳልሆነም ያኔ ገባኝ። አንዷን ልጅ ሆስፒታል ያጠምቋታል፤ ከዳነች በኋላ ሰው ሰብስበው ቤተ ክርስቲያን ያስገቧታል። ለሁለተኛ ጊዜ ግን ካህኑ ጸበል ይረጯታል እንጂ አያጠምቋትም፤ ጥምቀት አይደገምምና። ደስታ ሲሆን የምታቅፋትም ሴት እንግዳውም ሁሉ ክርስትና ነው ብሎ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል።

ለእናትየው ደወልኩላት። ስለ ልጆቹ ፍቅር ትንፍሽ ሳልል፣ ሆስፒታል ውስጥ ጥምቀት ተደርጎ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኋት። «እኔ ከወለድኩ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሴን አላውቅም ነበር» አለችኝ። «ስነቃ እሷን ወደ ሕፃናት ሆስፒታል አዛውረዋት ነበር፤ አባቷም 'ቄስ መጥተው ጸሎት አደረጉላት' ነው ያለኝ።» «ተጠመቀች ብሎ ቢነግረኝ ተስፋ እንደቆረጡ ይገባኝ ነበር። ለዚያ ነው የደበቀኝ፣ አይደል?» አለች። አባትየው በኋላም የክርስትና እናትነቱን ለወዳጁ ሚስት፣ ለዚያች ለእኔ ወዳጅ፣ አስቀድሞ ቃል ገብቶ ስለነበር፣ ነገሩን ሳያነሣ አለፈው። ደግ ሰው ሲዋሽም ለሰው ሲል ነው።

ቄሱ ዘንድ ሁለቱን መስመር ይዤ ሄድኩ። አባታችን ደብተሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ያጠመቋት ካህን ሌላ ስቴት ሄደው ካረፉ ቆይቷል።

«ጥምቀት አንዲት ናት» አሉ። «በየቅዳሴው 'በአንዲት ጥምቀት እናምናለን' የምንለው ለማለት ያህል አይደለም። የክርስትና እናቷም ከዚያች ጥምቀት የተቀበለቻት ናት። ይህ እውነት ከሆነ ልጆቹ ወንድምና እኅት አይደሉም።»

«ታዲያ እኮ አለቀ አባ!»

«አላለቀም» አሉ። «ኮምፒውተሩና እኔ የፈረምኩበት ወረቀት አንድ ይላሉ፣ ደብተሩ ሌላ ይላል። ሁለት አፍ ያለው መዝገብ ለጋብቻ አይበቃኝም። ውኃው በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ መፍሰሱን በዐይኑ ያየ ሰው አምጪልኝ። ካመጣሽ ለሀገረ ስብከት ጽፌ አስፈቅዳለሁ።» የዲያቆኑ ደብተር ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ጥርጣሬውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ይህን እሳቸው አልተናገሩም፤ እኔ ግን ሰማሁት።

ወሬ ክንፍ አለው። ምስክር ሳልፈልግ ገና ወዳጄ ሰምታ ቤቴ ድረስ መጣች። ቁጭ በይ ብላት አሻፈረኝ አለች።

«ሃያ ሁለት ዓመት እኮ ነው!» አለችኝ። «ማተቧን ያሰርኩላት እኔ። ትምህርት ቤት ስትጨርስ በዝናብ ቆሜ ያጨበጨብኩላት እኔ። ማኅተም ያለበት ወረቀት የሰጠሽኝስ አንቺ አይደለሽም? አሁን 'ሚስቴክ ነበር' ልትዪኝ ነው?»

«ሚስቴክ ነበር» አልኳት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

«ለመሆኑ ማን ቆስቁሶሽ ነው የድሮ ደብተር የምታገላብጪው?»

ያኔ ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ዐይኗ ፈጠጠ። «የእኔ ልጅ? እኅቱን?» ብላ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። እንግዲህ ዳግመኛ ሳልጋብዛት ተቀመጠችልኝ ማለት ነው። ግን ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከልጇም፣ ከልጅቷም፣ ከእኔም ጋር ቃል አልተነጋገረችም።

የቀረችን ምስክር በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ እንደ ክርስትና እናት የተመዘገበችው ሴት ብቻ ነበረች። ከመሀላችን የሚያውቃት ቢገኝ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ሁሉም ስሟን ሲሰማ ትከሻውን ይሰብቃል። ቱክዊላ ባለው የሀበሻ ሱቅ የሚሸጡት ጉራጌው አባት ግን በርበሬ እየሰፈሩ አሰቡና፣ «እኚያ ሆስፒታል ያጸዱ የነበሩት ናቸው? ጡረታ ወጥተው ታኮማ ገብተዋል። እኔ ዘንድ ለፋሲካ ብቻ ነው የሚመጡት» አሉኝ። የሴትየዋንም ስልክ ቁጥር ከልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ አስፈልገው ሰጡኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ይዤ ወደ ታኮማ ወረድኩ። ልጁ ሥራ ነበረበት፤ በየዐሥር ደቂቃው ኮል ያደርጋል፣ እሷ ታጠፋለች። መንገድ ላይ አጥብቄ አስጠነቀቅኋት። «እኔ ስጠይቅ አንቺ ትንፍሽ እንዳትዪ። ማን መሆንሽን ካወቁ ለአንቺ ሲሉ የሚያጣምሙት ሊኖር ይችላል። ምስክርነት ንጹሕ መሆን አለበት» አልኳት። «ኦኬ አንቲ» አለች። ቀበቶዋን ጨምድዳ ይዛዋለች።

እማማ የሚኖሩት ከወደቡ በላይ ባለ የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ ከሳሎናቸው የመርከብ ማራገፊያዎቹ ይታያሉ። ትንሽ፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው የሚጠብቁ ሴት ናቸው። ልጅቷን «አብራኝ የመጣች ናት» ብዬ አለፍኳት። ሻይ ቀረበ። ከዚያ፣ «እማማ፣ አንቱ ሆስፒታል ይሠሩ በነበረበት ጊዜ የጭንቅ ጥምቀት ላይ ቆመው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«አንድ ጊዜ» አሉ። «ጠዋት ነው፤ ኮሪደር እጠርግ ነበር። አንድ ሰው እየሮጠ መጣና 'እናቴ፣ ሀበሻ ነሽ?' አለኝ። ነኝ አልኩት። 'ኦርቶዶክስ ነሽ?' አለኝ። ታዲያ ማን ልሁን አልኩት። እጄን ይዞ እየጎተተ ወሰደኝ። ሕፃኗ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ናት፤ ከጡጦ አትበልጥም። ቄሱ ካባቸውን ደርበው ቆመዋል። የሚቀበላት ሴት ጠፍታ ነው። ጓንቴን አውልቄ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ።»

«ከዚያስ?»

«ቄሱ 'ሰይጣንን ካጂ' አሉኝ። ፊቴን ወደ ምዕራብ ማዞር አለብኝ፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ምዕራብ የቱ ጋ እንደሆነ በምን አውቄ? አባትየው 'ባሕሩ በዚያ ነው' ብሎ ግድግዳውን አሳየኝ። ወደ ግድግዳው ዞሬ ካድኩት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ሃይማኖቴን መሰከርኩ። ነርሷ መቼም አብደዋል ሳትለን አልቀረችም» ብለው ፈገግ አሉ።

«ውኃውስ እማማ? ውኃው ፈሶባታል?»

«ነርሷ በትንሽ ኩባያ አመጣች። ቄሱ ባርከው፣ በዚያች የእጅ ማስገቢያ ቀዳዳ አስገብተው ግንባሯ ላይ አፈሰሱ። አንድ፣ በአብ። ሁለት፣ በወልድ። ሦስት፣ በመንፈስ ቅዱስ። ቆጥሬአለሁ። ሜሮን ቀቧት። 'ተቀበያት' አሉኝ። በሽቦ ተተብትባለች፣ አትነሣም። እጄን አስገብቼ ደረቷን ነካኋት። ይመታል፤ እንዴት ይመታል መሰለሽ።»

ልጅቷን ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ፤ ተነሥቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። እማማ ግን አልጨረሱም።

«በማግሥቱ ስገባ ሳጥኑ ባዶ ነው» አሉ። «አጽጂው አሉኝ። አጸዳሁት። እያለቀስኩ አጸዳሁት። ማንን ልጠይቅ? እንግሊዝኛዬ 'ጉድ ሞርኒንግ' ብቻ ነበር። አባትየውንም ዳግመኛ አላየሁት። እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ ያቺ ናት ልጄ። ይኸው በየዓመቱ የክርስትና ስሟን ከሙታን ጋር አስጠራላታለሁ።»

ይህን አልጠበቅሁም። የሄድኩት ፊርማ ለማምጣት ነበር። አፌን ከፍቼ ከየት ልጀምር ስል ልጅቷ ከወንበሯ ወርዳ እማማ ፊት ተንበረከከች። ያስተማርኳት ዝምታ እዚያ ላይ አበቃ።

«አልሞትኩም» አለች በአማርኛ። «እኔ ነኝ። አልሞትኩም።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትላለች ይቺ?»

«እሷ ናት እማማ። በማግሥቱ ወደ ሕፃናት ሆስፒታል አዛውረዋት ነው እንጂ አልሞተችም። ሁለት ወር ቆይታ ወጣች።»

ሴትየዋ ልጅቷን ከጠጉሯ እስከ ጫማዋ አዩአት። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ይጮሃል፤ ልጁ ነው። ከዚያ፣ እውነቴን ነው፣ ተቆጡ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ትሠሩ ነበር? ይቺን ታህል አገር ውስጥ? ስልክ የለም? እግር የለም?» አሉ። እኔን ነው የሚቆጡት። እኔም እንደ ጥፋተኛ አቀርቅሬ ተቀበልኩ። ሲቆጡ እንባቸው ይወርድ ነበር፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፤ እኔም የመዝገብ ሰውነቴን ረስቼ አብሬ አለቀስኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሀገረ ስብከቱ ፈቃዱን ሲልክ፣ ቄሱ ሁላችንንም ከቅዳሴ በኋላ ቢሯቸው ጠሩን። እማማ ከታኮማ መጡ፤ ልጁ ነው ሄዶ ያመጣቸው፣ ከመኪና ሲያወርዳቸው የያዘውን እጃቸውን ገና አልለቀቀም። የልጅቷ እናት አለች። ወዳጄም መጣች፤ ከንፈሯን ቆልፋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ቄሱ የእማማን ቃል በፊቷ አስደገሙና ውሳኔውን አነበቡ። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ሕጉ አልከለከላቸውም፤ እሷ እሺ ካላለች ግን የእኛ ልጆች አይጋቡም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ወደ እማማ ዞር ብላ፣ «እርስዎ በሩብ ሰዓት እናት ሆኑ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ለፍቼ ምን ልባል ነው?» አለቻቸው። ለካ ቁጣው ሁሉ ይህ ነበር፤ ልጅ የምትወሰድባት መስሏት ነው።

«አማት» አሉ እማማ።

ቄሱ ሳል አስመሰሉ። ወዳጄ ዐይኗን ጠረገች። «አማት የሚባል ስም ይወደዳል?»

«አንቺ አስወድጂዋ» አሉ እማማ። «እኔ የሞተች መስሎኝ ስቀመጥ አንቺ አሳድገሻታል። እግዜር ይስጥሽ። አሁን ደግሞ ቤትሽ ትገባለች እንጂ ከቤትሽ አትወጣ።»

ወዳጄ ተነሣች። ሳምንታት ሙሉ ስታኮርፋት የከረመችውን ልጅ ስባ አቀፈቻትና ትከሻዋ ላይ ፊቷን ቀበረች። ከዚያ ቀና ብላ ልጇን፣ «አንተ ደግሞ ምን ትገተራለህ? አዳራሽ ፈልግ» አለችው። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ።

በዚያ ጫጫታ መሀል እማማ እጅጌዬን ሳቡኝ። ከጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ለጸሎት ለካህን የሚሰጡት የስም ዝርዝር ነው፤ ከላይ «ሙታን»፣ ከታች «ሕያዋን» ይላል። ከላይ ያለው ረጅም ነው። ከታች የራሳቸውና የእኅታቸው ስም ብቻ ነው ያለው።

«ዐይኔ ደክሟል» አሉ። «አንቺ የመዝገብ ሰው ነሽ አሉ። በይ አርሚልኝ።»

እስክሪብቶ አወጣሁ። የልጅቷን የክርስትና ስም ከሙታኑ መሀል አገኘሁት፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ በጣት ብዛት ሳስቷል። ሰረዝኩትና ከሕያዋኑ ሥር ጻፍኩት። ወረቀቱን ላነሣ ስል እማማ እጄ ላይ እጃቸውን አደረጉ።

«ብቻዋን አታስቀምጫት» አሉ። «የልጁንም ስም ጠይቂና ከጎኗ ጻፊው።»

ልጁ የክርስትና ስሙን ነገረኝ። ከጎኗ ጻፍኩት።